ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም

ሴፕቴምበር 14 ቀን 1897፣ ኮሃላ

አማቴ እማማ ካፔካ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሂሎ ከተማ ተመለሱ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ሦስት ቀን ፈረስ ላይ ውለው፣ ከኮርቻው ሲወርዱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠሉ። ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ፈክቷል። ከቀሚሳቸው ሥር በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። አገራችንን ለአሜሪካ የሚያስረክበውን ውል አንቀበልም የሚል አቤቱታ ነው። የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። ከሥሩ ባዶ መስመር ብቻ ነው። በየደሴቱ ሰው ሁሉ እየፈረመ ነው አሉኝ፤ ሂሎ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ አዳራሹን ሞልቶ ደጅ ተርፏል።

ቤት ለቤት አብሬያቸው እንድዞር ጠየቁኝ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች አሉ፤ የኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያምራል። የተማሪዎቼ ፈተና እየደረሰ ነው አልኳቸው።

ፈተናው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።

ሴፕቴምበር 16

ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲንሾካሾኩ ዋሉ። በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገሩ ማስገደድ ሥራዬ ነው። ዛሬ ግን የሚንሾካሾኩት ስለ ፊርማው ስለሆነ ያልሰማሁ መሰልኩ። ይህንንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት ሚስተር ክሮስቢ በፈረስ መጡ። የወረዳው ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ወንድማቸው የስኳር ፋብሪካው አስተዳዳሪ ነው። ጣራው ያፈስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ በገዛ ቋንቋችን፣ ያውም ከኔ በጠራ አነጋገር፣ «አማትሽ ከመንገድ በደህና ገቡ?» አሉኝ። ሂሎ መሄዳቸውን ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም።

ሴፕቴምበር 19፣ እሑድ

ከጸሎት በኋላ ወረቀቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። አንዳንዱ ሰው ከመፈረሙ በፊት እጁን በሱሪው ይጠርጋል። ሽማግሌው ካይናና ብዕሩን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩና፣ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተማሩትን ፊደል አስታውሰው አንድ በአንድ ቀረጹት። ሰው ሁሉ ጠበቃቸው።

እኔ ደጅ ነበርኩ። የጎረቤታችን ሕፃን ያለቅስ ስለነበር አቅፌው ቆየሁ። እናቱ ፈርማ ስትወጣ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ተኝቷል፣ ይቆይ አልኳት።

ቃለ መሃላው አለብኝ። ንግሥታችንን ላወረደው ለአሁኑ መንግሥት ታማኝ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ያልፈረመ አስተማሪ ከሥራ ወጥቷል። የፈረምኩ ቀን ባለቤቴ ናሆኣ መጥረቢያውን አነሣ። ወጥቶ እስኪመሽ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ለአንድ ወር የሚበቃ እንጨት ነበር።

ሴፕቴምበር 21

ከናሆኣ ደብዳቤ መጣ። ሕሙማን ከሚጋዙበት ደሴት ከሞሎካይ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በመድኃኒት ይታጠናል፤ ሳልከፍተው ሽታው ያስለቅሰኛል። ጽሑፉ የእሱ አይደለም። ጣቶቹ ብዕር አልጨብጥ ስላሉት ጎረቤቱ ነው የሚጽፍለት። ቤቱን ኖራ ቀባሁት ይላል። በመስኮቴ ባሕሩ ይታየኛል ይላል። እናቴ አሁንም ከፈረስ አልወርድም ትላለች ወይ ይላል። ናፈቅሽኝ አይልም፤ በሌላ ሰው እጅ እንዴት ይበል።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሐኪሙ የጆሮውን እብጠት አይቶ የሥጋ ደዌ ነው አለ፤ በሳምንቱ ወሰዱት። አብሬው እንድኖር ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ለሦስቱም መልስ የለም።

ሴፕቴምበር 24

እማማ ካፔካ የወንዶቹን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የልጃቸውን ስም ሲጽፉ አየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ምላሳቸውን ከጥርሳቸው መሃል አውጥተው። ሲጨርሱ እፍ አሉበት።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቢኖር ይፈርም ነበር» አሉ።

ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ኦክቶበር 2

ወረቀቶቹ ዛሬ በመርከብ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሆኖሉሉ ሄዱ። እማማን እስከ ባሕሩ ዳር ሸኘኋቸው። ጥቅሉን ለመርከበኛው ሲሰጡ ለቅጽበት አልለቅ ብለውት ነበር። ስንመለስ አንድም ቃል ስለ ፊርማዬ አልጠየቁኝም። የሴቶቹን ወረቀት ደጋግመው አንብበዋል፤ ስሜ እንደሌለ ያውቃሉ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦታ አልነበረም ልል አስቤ ነበር። ቦታ ነበር።

ኦክቶበር 9

ሌላ ደብዳቤ። እዚህ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«አቤቱታው እኛ ጋም መጣ። ሁላችንም ፈረምን። ጎረቤቴ እኔ ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ብዕሩን በጨርቅ እጄ ላይ አሳስሬ ራሴ ጻፍኩት። አስቀያሚ ነው፤ ግን ይነበባል። ለእናቴ ንገሪያት።»

አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ ይደሰታሉ፤ ከዚያ ስሙ ሁለት ጊዜ መጻፉ ትዝ ሲላቸው እንቅልፍ ያጣሉ። ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ደብዳቤውን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሳቸው በየቀኑ ስለሚያነቡት አውጥቼ ከጂኦግራፊው መማሪያ ውስጥ ከተትኩት።

ኦክቶበር 15፣ ዓርብ

ሚስተር ክሮስቢ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መጡ። የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። የተናገሩትን ሳልረሳው ልጻፍ፤ ምናልባት ስጽፈው ይቀለኛል።

አያታቸው ወንጌል ሊሰብኩ መጡ፣ አባታቸው መሬት ገዙ፣ እሳቸውና ወንድማቸው አገዳ ይተክላሉ። ይህንን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። አሜሪካ ለራሷ ስኳር አምራቾች ብቻ ድጎማ ስትሰጥ ፋብሪካው ሊዘጋ ደርሶ ነበር አሉ። የራሷን አገር ስኳር ግን አትጎዳም። ስለዚህ ይህ አገር የራሷ ይሁን። እንዲህ ነው የቀለለላቸው።

ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ኤመሌ፣ ይህ የስኳር ነገር ብቻ አይምሰልሽ። ትልቅ አገር መርከብ አለው። መርከብ ከሰል ይበላል። ከሰል የሚራገፍበት ወደብ ያስፈልገዋል። በዚህ ሰፊ ባሕር መሃል ያለው ወደብ ደግሞ የኛ ነው። አሜሪካ ባትወስደው ጃፓን ይወስደዋል። ዛሬ እኛ ነን፣ ነገ ኩባ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ። የሚቆም ነገር አይደለም። ቆመሽ መርከቡ እንዲሄድብሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ ተሳፍረሽበት እንዲሄድ?»

«የኛ» ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልሰጡኝም። ቀጠሉ። አቤቱታው ወደ ዋሽንግተን ሊላክ ነው፤ ሆኖሉሉ ያሉ ወዳጆቻቸው ደግሞ ፊርማው የተጭበረበረ ነው ይላሉ። ማስረጃ እየሰበሰቡ ነው። የዚህን ወረዳ ሰው የእጅ ጽሑፍ እንደኔ የሚያውቅ የለም። አየሁ የምለው ነገር ካለ አንድ ገጽ ብጽፍ በቂ ነው አሉኝ።

አላየሁም አልኩ።

ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ እንደ ድንገት፣ የሞሎካይ ማመልከቻዬ የት እንደደረሰ ጠየቁኝ። ፈቃድ የሚሰጡትን ሰዎች ያውቋቸዋል። አብረው ነው የተማሩት።

ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ይህን በደንብ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ አላስፈራሩኝም፣ አልለመኑኝም።

ኦክቶበር 18

ተማሪዎቹን የአሜሪካን ግዛቶች ስም ሰሌዳ ላይ በመስመር ጽፌ አስተማርኳቸው። አንዱ እኛስ የትኛው መስመር ላይ ነን አለኝ። ገና አልተጻፍንም አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ኦክቶበር 20

ጣቶቹ። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ብዕሩን በጨርቅ ሲያሳስር። ማን አሰረለት? ፊቱን ማን ያጥብለታል? አንዲት ሴት አለች ይሆን? ብትኖርም አልፈርድም። እፈርዳለሁ።

ኦክቶበር 23

እማማ ጓሮ ጎደሬ ሲነቅሉ አብሬያቸው ዋልኩ። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ወታደሮቹ ከመርከብ የወረዱበትን ቀን አወሩኝ። ያኔ ሆኖሉሉ ነበሩ። የአሜሪካ ወታደሮች መድፍ እየጎተቱ በመንገዱ ሲያልፉ፣ የሰው አለባበስ ሰርግ የሚሄድ ይመስል ነበር አሉ፤ ማንም ጦርነት መሆኑን አላወቀም። አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኩሱ ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወረደች። «አንዲት ጥይት ቢተኩሱ ኖሮ ዓለም ሁሉ ይሰማ ነበር» አሉኝ። «ዝም ብለው ቆሙ፤ እዚያው የሚኖሩት ነጮች ሥራውን ሠሩት።»

እጄ ላይ ጎደሬው ተሰበረ። እማማ ምን ሆነሻል አሉኝ። ዝናብ ስለሚመጣ ነው፣ መገጣጠሚያዬን ይዞኛል አልኩ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ።

ኦክቶበር 27

ዝናብ። ትምህርት ቤቱን በጊዜ ዘጋሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ኦክቶበር 30

ቻይናዊው አሆይ ጋ ሱቅ ዱቄት ልገዛ ገብቼ ከጆንያዎቹ ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ ረቡዕ ዕለት የመምህርቷ ፈረስ ክሮስቢ ግቢ ታስሮ በዝናብ ሲበሰብስ አየሁት አለች። ሌላዋ፣ ለጣራው ይሆናል፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ ያፈሳል አለች። የመጀመሪያዋ፣ «ለጣራ ሁለት ሰዓት?» አለች።

አሆይ አየኝ። ዱቄቱን ሳይመዝን ሰጠኝ።

ኖቬምበር 3

ያን ረቡዕ ለሚስተር ክሮስቢ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ በዚህ ወረዳ አንዳንድ ስሞች ባለቤቶቻቸው በሌሉበት በሌላ ሰው እጅ መጻፋቸውን፣ ቢያንስ አንድ ስም በሁለት ቦታ መጻፉን አውቃለሁ።

ቃል በቃል እውነት ነው። አንድም ውሸት የለበትም። መምህር ነኝ፤ እውነት መጻፍ ጥፋት ነው ብዬ ልጆቹን አስተምሬ አላውቅም።

ኖቬምበር 8

አንድም ውሸት የለበትም።

ኖቬምበር 16

ፈቃዱ መጣ። ከዚያ ረቡዕ በሃያኛው ቀን። ለሁለት ዓመት ያልመጣው።

እማማ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጸለዩ። እግዚአብሔር የሰማን ለአገራችን ስለጮኽን ነው አሉ። ከሰዓት ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ ከጎደሬ ፖይ ተቦካ፣ የደረቀ ዓሣ መጣ። ሽማግሌው ካይናና፣ ናሆኣን ሳሚልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ከስሜ በታች ነው ስሙ አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፈረሴን ያየችው ያቺ የሱቋ ሴትም መጥታ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ሚስተር ክሮስቢ በእኔ ቦታ ከሳንፍራንሲስኮ የመጣች ወጣት መቅጠራቸውን በማስታወሻ ልከዋል። በጣም የሚያምር ምስክር ወረቀትም ጽፈውልኛል። ሥራ ወዳድ፣ ታማኝ ይላል።

ኖቬምበር 19

እማማ የአልጋ ልብስ እየሰፉ ነው፣ ለእኔና ለእሱ። መርፌው ላይ ክር እያስገባሁላቸው እቀመጣለሁ። ሲያዩኝ ዓይኔን አነሣለሁ፤ ሳያዩኝ እጃቸውን አያለሁ። የናሆኣን ስም የጻፈው እጅ ነው።

ኖቬምበር 26

ጋዜጣ ደረሰ። ሕዝቡ የመረጣቸው አራት መልእክተኞች ባለፈው ቅዳሜ አቤቱታውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሳፍረዋል። ከሃያ አንድ ሺህ በላይ ስም ነው። እማማ ቁጥሩን ሲሰሙ አልቅሰው ጋዜጣውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። በዚያው መርከብ፣ ወይም በሚቀጥለው፣ የእኔም ገጽ ይሄዳል።

ከሃያ አንድ ሺህ አንድ ስም ቢቀነስ ምንም ማለት አይደለም። እንዲህ እያልኩ ነው የዋልኩት። ግን የሚቀነሰው አንድ አይደለም። «አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውስ» የሚል ሰው ሲናገር ይሰማኛል፤ በሚስተር ክሮስቢ ረጋ ያለ ድምፅ።

ኖቬምበር 27

ነገርኳቸው።

ልብስ እያጣጠፉ ነበር፣ ለእኔ ሻንጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሚስተር ክሮስቢ ስለ ሁለቱ ስም አያውቁም ነበር፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ለዚህ ደብተር እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ደብዳቤውን ከጂኦግራፊው መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንብበው በጨርቅ የታሰረው ብዕር ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ራሱ ጽፎ ነበር» አሉ። «እኔ የሞተ ያህል ጻፍኩለት።»

ከዚያ ጠየቁኝ፤ ስማቸውን ለክሮስቢ ሰጥቼ እንደሆነ። የእሳቸውን አልሰጠሁም። የልጃቸውን ስም ግን ሰጥቻለሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያጣጠፉትን ልብስ እንደገና ፈቱትና እንደገና አጣጠፉት። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ብመታ ደስ ይለኝ ነበር።

ፈቃዱን ልቅደደው፣ አልሄድም አልኳቸው።

«ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ልጄ ሁለት ዓመት ሰው ጠብቋል። የመጣሽበትን መንገድ ግን እኔ አልነግረውም፤ በደብዳቤም አትነግሪውም። ፊቱ ተቀምጠሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ትነግሪዋለሽ። እዚያ በሌላ በር መውጣት የለም።»

 እስኪመሽ የአልጋ ልብሱን ስፌት ጨረሱት።

ዲሴምበር 3

በመርከብ ላይ። ባሕሩ መጥፎ ነው። እማማ እስከ ጀልባው አልሸኙኝም፤ ኮረብታው ላይ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ቆመው አየኋቸው። እጄን አነሣሁ። እሳቸው ያነሡ እንደሆነ ርቀቱ አላሳየኝም።

ዲሴምበር 8፣ ካላውፓፓ፣ ሞሎካይ

በጀልባ አወረዱን። ከኋላችን ገደል፣ ከፊታችን ማዕበል። ድንጋዩ ላይ ከቆሙት ሰዎች መካከል በአቋቋሙ ለየሁት፤ ክብደቱን ሁልጊዜ በግራ እግሩ ላይ ይጥላል። ፊቱን ገና ሳላይ ነው የለየሁት። ፊቱን ሳይ ደግሞ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱም ጊዜውን ሰጠኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«አረጀሁ?» አለኝ።

«ኖራ ቀባሁት ያልከውን ቤት አሳየኝ» አልኩት።

ሴት የለም። ጎረቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ብዕሩንም ያሰረለት እሱ ነው።

ዲሴምበር 10

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ቤቱን ጠረግሁ፣ እጁን አጠብኩ፣ ሸሚዙን ሰፋሁ። ደስተኛ ነው። ሲሄድ ያፏጫል። እንዴት ፈቃድ እንደሰጡኝ ሲጠይቀኝ ተራዬ ደረሰ አልኩት።

ዲሴምበር 11

ፊቱ ተቀመጥኩ። ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። የግራ ዓይኑ አሁን አይከደንም፤ ስለዚህ ከእኔ ሊያዞረው አልቻለም።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እናቴ ስሜን እንደምትጽፍ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የፈረምኩት ለዚያ ነው። እዚህ የገባ ሰው ከመዝገብ ወጥቷል፣ እንደ ሬሳ ነው የሚቆጥሩን። እናቱ ጻፈችለት እንዳይሉኝ፣ ሕያው ነኝ ለማለት ነው ያን ሁሉ የታገልኩት።» ከዚያ ጠየቀኝ፦ «የአንቺ ስም የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

የትም የለም አልኩት።

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ዲሴምበር 13

አያናግረኝም። ያስቀመጥኩለትን ይበላል። ስጠራው ይዞራል። ዛሬ ከሰዓት ከሽማግሌው ጋር መረብ ሲጠግን ተቀምጬ አየሁት። በሁለት ጣትና በጥርሱ ነው የሚያስረው። ልረዳው ብነሣ ሽማግሌው በእጁ ተይው አለኝ።

ዲሴምበር 15

ጠዋት ተነሥቼ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሆኖሉሉ ላለው በቋንቋችን ለሚታተመው ጋዜጣ። አንድ ቅጂ ለሚስተር ክሮስቢ፣ አንድ ለእማማ ካፔካ። የዚህ ሳምንት መርከብ ዛሬ ነው፤ ሌላው ከሳምንት በኋላ ነው። ወረቀቱ እንደ ሌላው ሁሉ ይታጠናል። ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች ምን እንደሚወስኑ፣ የእኔ ገጽ ማን እጅ እንደደረሰ አላውቅም። ምናልባት ዘግይቷል። መርከብና ከሰል ያለው ሰው ለሃያ አንድ ሺህ ስምም ላይቆም ይችላል። ቢሆንም ጻፍኩ።

ናሆኣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንብቢልኝ አለኝ። ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። አነበብኩለት፦

«እኔ የናሆኣ ሚስት፣ ኮሃላ ላይ መምህር የነበርኩ፣ ሁለት ጊዜ ስለተጻፈው ስም የመሰከርኩት ለራሴ ጥቅም ነው። ባለቤቱ ሕያው ነው፤ በገዛ እጁም ፈርሟል። እናቱ የጻፉት ትርፍ ነው ካላችሁ እሱን ሰርዙትና በቦታው የእኔን ስም ጻፉ። ኤመሌ ካሃኑ።»

ወደ ጠረጴዛው መጣ። ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ያልጸዳ የቤት ሥራ እንደሚያይ አስተማሪ።

«ከስሙ ጎን ዕድሜ ይጻፋል» አለኝ። «ያለበለዚያ አይቆጥሩትም።»

ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። እሱ ይዞት ወደ ጀልባው ወረደ።